የገደል ማሚቶ ያሏት ሴት

ወለተ ሐዋርያት ከዲማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ሥራዋ ለሚያየው ሰው ቀላል ነው። በሽተኛው በመስኮቱ በኩል ስሙን ይነግራታል፤ እሷ ከመደርደሪያው ካርዱን ፈልጋ ታወጣና በተራው ትጠራዋለች። ነገር ግን የአገሩ ሰው ስም ይመሳሰላል። በአንድ የገበያ ቀን ሦስት ፈንታ ዘማርያም ሊመጡ ይችላሉ፤ አንዱ የስኳር በሽተኛ፣ አንዱ ሳል የያዘው፣ አንዱ ደግሞ ጥርሱን ሊያስነቅል። ካርዱ ከተቀያየረ መድኃኒቱም አብሮ ይቀያየራል። ስለዚህ ወለተ ሐዋርያት ከመነሳቷ በፊት የሰማችውን ሁሉ ቃል በቃል መልሳ ትላለች። "ፈንታ ዘማርያም፣ ከወንዝ ማዶ፣ ባለፈው ወር በሳል የመጡት።" ሰውየው ራሱን ሲነቀንቅላት ብቻ ትነሳለች። በስምንት ዓመት ውስጥ ያቀያየረችው ካርድ አንድ ነው፤ እሱንም እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ልማዱን ያመጣችው ግን ከጤና ጣቢያው አይደለም፤ ከአባቷ ግቢ ነው።

አባቷ መምህር አካለ ወልድ የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ መምህር ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያው ግቢ ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፤ ልጃቸውም ከአፍ መፍቻዋ ጀምሮ ሌላ መጠሪያ ስላልሰማች የኔታ ነው የምትላቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ የቀሩት ተማሪዎችም ጥቂት ናቸው። በደኅናው ጊዜ ግን የጠዋቱ ትምህርት ሲያበቃ ተማሪዎቹ ወይራው ጥላ ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጡና ቅጸላ ይጀምሩ ነበር። ቅጸላ ማለት የተማሩትን በቃል መልሶ መላልሶ ማጥናት ነው። በመምህር አካለ ወልድ ግቢ ደግሞ ለቅጸላው አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ከጎንህ ያለው ጓደኛህ የተናገረውን አንዲት ቃል ሳትጥል መልሰህ ትላለህ፤ ከዚያ በኋላ ነው የራስህን የምትጨምረው። የጓደኛውን ሳይመልስ የራሱን የጀመረ ተማሪ፣ ምንም ያህል ያማረ ነገር ቢናገር፣ "አልሰማህም፣ ተቀመጥ" ይባላል።

ወለተ ሐዋርያት በዚያ ክብ ውስጥ ተቀምጣ አታውቅም። ቦታዋ ማጀቱ በር ላይ ነበር። ምስር ትለቅማለች፣ ጌሾ ትቀነጥሳለች፣ ትሰማለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት የአንድ ቀን ትምህርት ከነቅጸላው በሆዷ መያዝ ትችል ነበር። ማንም አትማሪ አላላትም፤ ማንም ደግሞ ነይ ተቀመጪ አላላትም። አንድ ቀን ገዳሙ የሚባል ረጅም ተማሪ የጓደኛውን ቃል ሲመልስ አንዷን ዘለላት፤ ወለተ ሐዋርያት ሳታስበው የተዘለለችውን ቃል ከበሩ ላይ ወረወረችለት። ክቡ ሁሉ ዞሮ አያት። ገዳሙ ሳቀና ቃሏን ሳይቀበል ወደሚቀጥለው አለፈ። ከዚያ ቀን በኋላ ድምፅ አውጥታ አልተናገረችም፤ መስማቱን ግን አልተወችም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሞላት በኢንተርኔት ለሚሰጥ የዲግሪ ትምህርት ተመዘገበች። የመረጠችው የሕዝብ አስተዳደር ነው። ደብረ ማርቆስ ሄዳ እንዳትማር አባቷን ብቻቸውን ትታ መሄድ አይሆንላትም፤ መንገዱም አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። ትምህርቱ በስልኳ ይመጣል። ንባብ አለ፣ ፈተና አለ፤ ከነጥቡ አርባ በመቶው ግን ውይይት ነው። በየሳምንቱ መምህሩ ዶክተር ገብረ ሚካኤል አንድ ጥያቄ ይለጥፋሉ። እያንዳንዱ ተማሪ መልሱን ይጽፍና ለሁለት ጓደኞቹ ጽሑፍ ደግሞ አስተያየት ይሰጣል። በአማርኛ መጻፍ ተፈቅዷል።

የተመደበችው አራት ሰው ካለበት ቡድን ነው። መሲ ደጀን መናኸሪያ ቲኬት ትቆርጣለች። ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ራዲያተሩ እየጨሰ የሚገባ አውቶቡስ ሁሉ በእሷ መስኮት ፊት ይቆማል፤ እንደምትናገር ነው የምትጽፈው፣ ነጥብ የላት፣ ሰረዝ የላት። በሽር ጉንደ ወይን ላይ ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጥ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ልጁ ቶይባ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ "እኔስ ምን አነሰኝ" ብሎ ተመዘገበ። ሃኒ የማርቆስ ልጅ ናት፤ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ስትሆን አጭር አጭር አድርጋ ትጽፍና ትጠፋለች።

ወለተ ሐዋርያት ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንዴት እንደምትቀመጥ አንድ መንገድ ብቻ ነበር የምታውቀው። መሲ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አንዲት ቃል ሳትጥል ጻፈችው። ቀድታ መለጠፉ ስለከበዳት እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ ነካች፤ እንዲያ ካላደረገች የሰማችው አይመስላትም። ከዚያ ከሥር ሦስት መስመር የራሷን ጨመረች። ለበሽርም እንዲሁ አደረገች። ከዚህ የበለጠ ሰውን ማክበሪያ አታውቅም ነበር።

አራት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ሌሎቹ እርስ በርስ ሲመላለሱ ታያለች። መሲ በሽርን ታሾፍበታለች፤ በሽር ለሃኒ ምክር ይሰጣል። ለእሷ ግን የሚመልስላት ሰው አልነበረም። ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱን ዘግታ ስልኳን ከፍታ ታያለች፤ ከስሟ ሥር ምንም የለም። ዲግሪውን ትፈልገዋለች፤ የካርድ ክፍሉን ኃላፊነት ለመያዝ ያስፈልጋታል። ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት ከዲግሪው በላይ የፈለገችው አንድ ሰው ቃሏን ተቀብሎ ሲመልስላት ማየት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ መልእክት መጣላት፤ የላኩት ዶክተር ገብረ ሚካኤል ናቸው። ሲስተሙ የተማሪዎችን ጽሑፍ እርስ በርስ ሲያመሳክር የእሷ አስተያየቶች ሰባ አራት በመቶ ከሌላ ተማሪ ጽሑፍ ጋር አንድ ሆነው ተገኝተዋል። የአራት ሳምንት የውይይት ነጥቧ ዜሮ ሆኗል። በሰባት ቀን ውስጥ በቂ ማብራሪያ ካልሰጠች ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይመራል፤ የሰው ጽሑፍ ገልብጦ የተገኘ ደግሞ ከፕሮግራሙ ይሰናበታል። ከሥር "ተማሪዎችም ቅሬታ አቅርበዋል" ይላል።

ቅሬታ ያቀረበው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልቆየችም። ከሰዓት በኋላ መሲ በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ጻፈች። "እኛ ደጀኖች የምንኖረው ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ የገደል ማሚቶ ብርቃችን አይደለም። ዲግሪ የሚማር የገደል ማሚቶ ግን አይቼ አላውቅም።" የሚስቁ ፊቶች ደረደረችበት። ሃኒም አንድ የሚስቅ ፊት ጨመረች።

ወለተ ሐዋርያት ስልኩን አጥፍታ መስኮቱን ከፈተች። አንዲት እናት የልጇን ስም ነገረቻት። እንደ ልማዷ መልሳ ልትለው አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ካርዱን ዝም ብላ አወጣች። ሴትዮዋ "የልጄ አይደለም እኮ ይኼ" አለቻት።

ወደ ማታ ገደማ ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ስልኳን ብትከፍተው ወዲያው ጮኸ። በሽር ነው። ድምፁን ሰምታው አታውቅም። ከኋላው ቆርቆሮ ሲንኳኳ ይሰማል።

"እህቴ፣ በሽር ነኝ የጉንደ ወይኑ። የመሲን ነገር አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። አንቺ ሰርቀሻል ብዬ አላምንም። ሰርቀሽ ቢሆን ያንኑ ለባለቤቷ መልሰሽ ታሳዪያት ነበር?"

እሷ መንገዱ ዳር ቆመች። ማልቀስ አልፈለገችም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ነገረችው፤ የዶክተሩን መልእክት፣ የአባቷን ግቢ፣ ክቡን፣ የጓደኛን ቃል መልሶ ማለትን። በሽር እስክትጨርስ አላቋረጣት። ከዚያ እሱም ቁርአን ቤት እያለ ኡስታዙ ያነበበለትን አንቀጽ መልሶ እስኪለው ድረስ ወደሚቀጥለው እንደማያሳልፈው ነገራት፤ አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን አንድ አንቀጽ ላይ እንደቆመ፣ እናቱም ጠፍቶ እንደሆነ ልታይ እንደመጣች። ሳቀ። "ለዶክተሩ ይህንኑ ጻፊላቸው" አላት።

"ጋሽ በሽር፣ ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ቅጸላ ምን እንደሆነ ያውቃሉ ብለው ነው?"

"ካላወቁ አንቺ አስተምሪያቸዋ። መቼም የሚያስተምሩት እሳቸው ብቻ ናቸው የሚል ሕግ የለም።"

ቤት ስትደርስ አባቷ ወይራው ሥር ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊቷን አያዩትም፤ አረማመዷን ግን ያውቁታል። ምን እንደሆነች ጠየቋት። አጠገባቸው ተቀመጠችና ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ከዚያ የጻፈችውን አንዱን አስተያየት ከስልኳ አነበበችላቸው። መሲ ስለ መናኸሪያው የጻፈችው ነው፤ ተሳፋሪው አውቶቡሱ ዘግይቶ ይምጣ አይምጣ ስለማያውቅ ሁሉም መስኮቱ ላይ ተደርቦ እንደሚጋፋ፣ ገመድ ቢወጠርም እንዳልረዳ፣ ዘበኛ ቢጨመርም እንዳልረዳ። ከሥር የእሷ ሦስት መስመር አለ።

መምህር አካለ ወልድ አዳመጡ። "ደህና አድርገሽ መልሰሻል" አሉ። "የማን ቃል ነው?"

"የመሲ።"

"የመሲ መሆኑን የት ላይ ነው ያልሽው?"

ወለተ ሐዋርያት ጽሑፉን እንደገና አየችው። "እሷ ከላይ ጽፋዋለች፣ የኔታ። ሁሉም ያየዋል ብዬ ነው።"

"በቅጸላ ባለቃሉ አጠገብሽ ቁጭ ብሏል። ሲናገር ሁሉም ሰምቶታል፤ ስሙን ባትጠሪው ግድ የለም። በጽሑፍ ግን ማን አጠገብሽ ተቀምጧል? እኔ የመምህሬን ቃል ስናገር ስማቸውን ሳልጠራ ጀምሬ አውቃለሁ?"

"አያውቁም።"

"እንግዲያስ አልሰረቅሽም፤ ግን አጥፍተሻል።"

ቃሉ ከበዳት፤ ቀለላትም። ቀኑን ሙሉ ሌባ ነሽ መባሏንና ምንም አላጠፋሁም ማለቷን ብቻ ነበር ስታመዛዝን የዋለችው። በሁለቱ መካከል አንድ ቦታ እንዳለ አላየችውም ነበር።

ልትነሳ ስትል አባቷ "ወለቴ" አሏት። "ቅጸላውን መቼ ነው የተማርሽው?"

"ማጀቱ በር ላይ ሆኜ።"

"እዚያ ምስር ትለቅሚ አልነበረም?"

"እለቅም ነበር። እሰማም ነበር።"

አዛውንቱ መምህር ፊታቸውን ወደ ማጀቱ በር አዞሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ከድንጋያቸው አጠገብ ያለውን መሬት መታ መታ አደረጉት፤ ተማሪ ሲያስቀምጡ የሚያደርጉት ነው። ተመልሳ ተቀመጠች። የመሲን ቃል እንደገና እንድትልላቸው ጠየቋት፤ ከዚያ የእሷን። የእሷን ሁለት ጊዜ አስባሏት።

ማብራሪያውን አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ ደመሰሰችው። አምስተኛውን ዓርብ ጠዋት ላከችው። ከሰዓት በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነበር። ዶክተሩ ማብራሪያውን አንብበውታል፤ በወረቀት ብቻ ግን አይወስኑም። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሚካሄደው የድምፅ ውይይት ተገኝታ በቡድኑ ፊት ታስረዳ።

ለወለተ ሐዋርያት ይህ ከኮሚቴው አይተናነስም። ከዚያ በፊት በተደረጉት ሁለት የድምፅ ውይይቶች ማይክሮፎኗን ከፍታ አታውቅም፤ ስሟ ሲጠራ "አለሁ" ብላ በጽሑፍ ነበር የምትመልሰው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጤና ጣቢያው ተረኛ ብቻ ነው ያለው። ኔትወርኩ ከቤቷ ይልቅ እዚያ ስለሚሻል ካርድ ክፍሉ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ዶክተሩ መጀመሪያ የሳምንቱን ጥያቄ አነሱ፤ የመንግሥት አገልግሎት ለምን ይዘገያል? የእሷን ጉዳይ መጨረሻ ላይ እናየዋለን አሉ።

መሲ ቀድማ ጀመረች። ስለ መናኸሪያዋ መስኮት ስትናገር ድምፅዋ ራሱ የሚጋፋ ይመስላል። መሃል ላይ ተቋረጠች፤ ደጀን መብራት ሄዶ ኔትወርኩን ይዞት ሄደ። በሽር ቀጠለ፣ ከዚያ ሃኒ፣ ከዚያ ዶክተሩ በሽርን አረሙት፤ በሽርም ተከራክሮ ግማሹን ተቀበለ። ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። መሲ ስትመለስ ልክ ዋናው ነገር ተብሎ አልቋል።

"ምን አመለጠኝ?" አለች። "ዶክተር፣ ተቀርጿል አይደል?"

ዶክተሩ መቅረጫውን መጫን ረስተውት ነበር። በሽር ከየት እንደሚጀምርላት እንደማያውቅ ተናገረ።

ወለተ ሐዋርያት በኋላ ስታስበው፣ ያን ጊዜ ስለ ኮሚቴው አላሰበችም። ያሰበችው ልክ ገዳሙ የዘለላትን ቃል ስትወረውር እንዳሰበችው ነው፤ ማለትም ምንም። ማይክሮፎኑን ከፈተችው።

"ጋሽ በሽር እንዲህ አሉ" አለች።

ከዚያ ሃያውን ደቂቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረችው። ጋሽ በሽር ሱቃቸው ውስጥ በገበያ ቀን የሚመጣው ሰው ቆርቆሮ የሚገዛና ምስማር የሚገዛ ተብሎ በሁለት ረድፍ ካልተለየ ምስማር ፈላጊው ግማሽ ቀን እንደሚቆም ማለታቸውን። ሃኒ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ አንድ ወረቀት አምስት ሰው እንደሚፈርምበት፣ ከአምስቱ ሁለቱ ለምን እንደሚፈርሙ ራሳቸው እንደማያውቁ ማለቷን። ዶክተሩ በሽርን፣ ሱቅና የመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ አይደሉም፣ ሱቁ ያልተመቸው ደንበኛ ሌላ ሱቅ ይሄዳል ማለታቸውን። ጋሽ በሽር መልሰው፣ ጉንደ ወይን ላይ ሌላ ቆርቆሮ ቤት ያለ እንደሆነ ዶክተሩ ይጠቁሙኝ፣ እኔም ሄጄ እገዛለሁ ማለታቸውን። እዚህ ላይ በሽር ራሱ ሳቀ። በኮሪደሩ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤ እሷ ግን አላቆመችም።

ስትጨርስም መሲ በቀላሉ የምትለቅ አልነበረችም።

"የእኔንስ?" አለች። "ከመቋረጤ በፊት ያልኩትን?"

ወለተ ሐዋርያት የመሲን ከመጀመሪያው ጀምራ አለችው፤ ዘበኛው ከተሳፋሪው ጋር አብሮ ሲጋፋ መያዙን ጨምሮ።

"እኔ እንኳ እንዲህ አላሳመርኩትም" አለች መሲ።

"እንዳልሽው ነው ያልኩት። እኔ የምጨምረው ይኼ ነው። መሲ ተሳፋሪው የሚጋፋው ስለማያውቅ ነው አለች። እኔ ካርድ ክፍል ውስጥ ያየሁትም እሱን ነው። ስም ስጠራ አንዱን ብቻ ጠርቼ ዝም ስል ሁሉም ይነሳል። አንዱን ጠርቼ ከእሱ ቀጥለው ያሉትን ሁለቱንም ስጠራ ግን የቀረው ሰው ቁጭ ይላል። ተራው እንዳልደረሰ ያውቃላ።"

ዶክተር ገብረ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማብራሪያዋን አሁን እንድትናገር ጠየቋት።

"አልሰረቅሁም" አለች። "በአባቴ ግቢ የሰውን ቃል ሳይመልሱ መናገር ነውር ስለሆነ ነው። ግን የማን ቃል እንደሆነ ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። እሱ ጥፋቴ ነው።"

ዶክተሩ ደግ ሰው ናቸው ሊባሉ አይችሉም፤ ትክክለኛ ሰው ናቸው። ለኮሚቴ እንደማይልኩት ተናገሩ። የአራቱ ሳምንት ዜሮ ግን ይቀራል፤ ያነበበው ሰው የማን ሐሳብ እንደሆነ መለየት አይችልምና። ከአሁን ወዲያ የሰው ቃል ስትመልስ ባለቤቱን በስሙ ትጥራ፣ ደግሞም ታሳጥረው፤ የራሷ ከሰው ቃል የሚያንስ ከሆነ አይቀበሉም። ነጥቧን አሰሉላት። ትምህርቱን ለማለፍ በቀሩት ሳምንታት ሁሉ ሙሉ ማግኘት፣ በማጠቃለያው ፈተና ደግሞ ከሰባ በታች አለመውረድ አለባት።

ሰኞ መሲ ደወለች። ሰላምታ ሳትጨርስ ገባችበት። "የጻፍሽልኝን ሁሉ ትናንት እስከ ታች አነበብኩት። የእኔው ነገር ስለሆነ ከላይ ሁለት መስመር አይቼ ነበር የምተወው እኮ። በአራቱም ከሥር ሦስት ሦስት መስመር አለ።"

"አለ።"

"አንዱ ላይ ይኼንኑ የሦስቱን ስም ነገር ጽፈሽልኝ ነበር። የዛሬ ሦስት ሳምንት። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጋፋ። ያን የገደል ማሚቶ ያልኩትን አጥፍቼዋለሁ፣ አይተሻል?"

ወለተ ሐዋርያት አይታለች። በመስኮቱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን እያንኳኩ ስለነበር ረጅም ነገር መናገር አልቻለችም።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም በየሳምንቱ ውይይቱ ላይ ተከታትለውታል። መሲ የተሳፋሪውን ስም እየመዘገበች መስኮቷ ላይ የሦስት ሦስት ሰው ስም መጥራት ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ሰው ሳቀባት፤ አንድ ሹፌር እንደ ሰርግ ጥሪ ቆጥሮት ሙሽራው መጥቷል ወይ ብሎ ጠየቃት። በሦስተኛው ቀን ግፊያው ቀነሰ። በገበያ ቀን ግን አምስት አውቶቡስ ተከታትሎ ገባና ሁሉም ነገር ፈረሰ፤ የማርቆሱን ተሳፋሪ ስትጠራ የአዲስ አበባው ተነሳ። መሲ ተናዳ ጻፈች። ወለተ ሐዋርያት የመሲን ቃል በስሟ ጠርታ በሁለት መስመር አሳጥራ መለሰችና በትክክል የትኛው ላይ እንደፈረሰ ጠየቀቻት። በሽር የቆርቆሮና የምስማሩን ረድፍ አስታወሰ፤ መጀመሪያ በመድረሻ ለይታ ከዚያ ስም ብትጠራስ? ሃኒ፣ አጭሯ ሃኒ፣ ለየመድረሻው የሚሰቀል ጽሑፍ ማዘጋጃ ቤት አሳትማ ላከች። ዶክተሩ ከሥር "ይህ ነው ውይይት" ብለው ጻፉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

የማጠቃለያው ፈተና ደብረ ማርቆስ ላይ በአካል ነበር። የፈተናው ጣቢያ በር ላይ አንዲት ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀይ ሻርፕ የጠመጠመች ሴት ሰውን ሁሉ በስም እየጠየቀች ትዞራለች። ወለተ ሐዋርያትን ስታገኛት ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"አንቺ ነሽ? እኔ አንዲት ትልቅ መነኩሴ ነበር የምጠብቀው።"

"እኔም ወፍራም ሴት" አለች ወለተ ሐዋርያት፣ ወዲያውም አፈረች። መሲ እስኪያስላት ሳቀች።

በሽር ኮቱን ለብሶ፣ በፌስታል ዳቦ ይዞ ደረሰ፤ ልጁ ቶይባ ባዶ ሆዱን እንዳይፈተን አስጠንቅቃዋለች። ፈተናው ሊጀምር አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ሃኒም መጣችና አጥሩ ሥር ያለ ግንብ ላይ ተቀመጡ። ማንም ሳይነግራቸው በሽር የመጀመሪያውን ምዕራፍ ባጭሩ ተናገረ፤ ሃኒ የበሽርን መልሳ አለችና የራሷን ጨመረች፤ መሲ የሃኒን። ተራው ወለተ ሐዋርያት ጋ ደረሰ፣ አልፎ እንደገና ወደ በሽር ሄደ። ከበር ላይ ሆና ሳይሆን መሃላቸው ተቀምጣ ነው የተናገረችው፤ ይህን ልብ ያለችው ግን ወንበር ቁጥሯን ስትፈልግ ነው።

ውጤቱ በወሩ ወጣ። በፈተናው ሰባ ሦስት አግኝታለች፤ የትምህርቱ ጠቅላላ ውጤት ሲ ነው። መሲ ቢ አግኝታ የተናደደችው በወለተ ሐዋርያት ሲ ነው። ወለተ ሐዋርያት ለአባቷ አልፌያለሁ ብላ ነገረቻቸው። እሳቸው ውጤቱን አልጠየቁም፤ የሚቀጥለው ትምህርት መቼ እንደሚጀምር ነው የጠየቁት።

የሚቀጥለው መንፈቅ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። አዲስ መምህር አዲስ ጥያቄ ለጥፈዋል፤ ሃያ ስድስት ተማሪ አለበት፣ አብዛኛውን አታውቀውም። መሲ ቀድማ ጽፋለች። እንደ ልማዷ ነጥብ የለውም፣ ሰረዝ የለውም። የሚጀምረው ግን እንዲህ ብሎ ነው። "ወለተ ሐዋርያት አካለ ወልድ የምትባል የካርድ ክፍል ሠራተኛ አንድን ሰው ስትጠሪ ከእሱ ቀጥለው ያሉትን ሁለቱንም ጥሪ ብላ ነበር እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው..."

እዚያ ላይ አቁማ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው። አንዲት ቃል አልተጣለችም። ከዚያ መሲ የጨመረችውን አነበበች፤ ረጅም ነው፣ ግማሹም ቀልድ ነው።

ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰችው። መስኮቱ ላይ ሰው ቆሟል።

"ወለላ ኪዳነ ማርያም" ብላ ጠራች፤ ከዚያም ቀጥለው ያሉትን ሁለቱን።